ሰነዱን ማን ጻፈው?

የታሪክ ፈተና በደረሰ ቁጥር «ከተሰጡት ሰነዶች ተነሥታችሁ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ድርሰት ጻፉ» እንባላለን። እኛም የሰነዱን ቃል ትንሽ ለውጠን እንገለብጥና መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ኢምፔሪያሊዝም ክፉ ነው» ብለን እናስረክባለን። ማርክም እናገኝበታለን። ዳሩ ግን ይህ ኢምፔሪያሊስቱ የጻፈውን መቅዳት እንጂ ኢምፔሪያሊዝምን መመርመር አይደለም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በኅዳር 1862 ዓ.ም.፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ወር፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ የአሰብን ዳርቻ ከአፋር ሡልጣኖች ለመግዛት ተዋዋለ። ቦታው ሩባቲኖ ለተባለ የመርከብ ኩባንያ ሆነ። ውሉን ብቻ ያነበበ ተማሪ «ሻጭ ሸጠ፤ ገዢ ገዛ» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በ1874 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረክቦ ቅኝ ግዛቱ አደረገው። ስለዚህ ሰነዱ ከሚናገረው ይልቅ የሚሸሽገው ይበልጣል።

የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ የማያውቅ ተማሪ የለም። አማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ውሉ የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ያው አንቶኔሊ ከአውሳው ሡልጣን ከመሐመድ ሐንፈሬም ጋር ተዋውሏል። ታዲያ ስለ ውጫሌ የምንጠይቀውን ስለ አውሳው ውል ለምን አንጠይቅም? ማን ተረጐመው? ሡልጣኑስ የተስማሙበት ነገር ምን መስሏቸው ነበር?

ይህ ጥያቄ ለባዕድ ብቻ የተበጀ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ የግጦሽ መሬትን ከመንግሥት ሀብት ጋር ቈጠረው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በወረቀቱ ላይ የመንግሥት የተባለው የአዋሽ ዳር መሬት የአፋር ከብት በበጋ የሚያድርበት፣ በድርቅ የሚተርፍበት ነበር። አርብቶ አደሩ ከወረቀቱ ስለ ጠፋ ከታሪክም ይጥፋ?

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ይጠያየቃል፤ በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰት ያወራ ሰው መታመኑን ያጣል። እነሆ፣ ከብት ጠባቂው የሚያደርገውን ምርመራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በድርሰቱ አያደርገውም!

በቃል የተነገረ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። ሽማግሌም ይረሳል፤ ለጐሣውም ያደላል። ነገር ግን የኢጣልያው መልእክተኛም ለመንግሥቱ አድልቷል። ሁለቱንም በአንድ ወንፊት እንንፋቸው።

ስለዚህ የተከበሩ መምህሮቻችን ሆይ፣ ከስድስቱ ሰነድ አንዱን ቀንሱና በምትኩ ተማሪውን ወደ አሳይታ ሽማግሌዎች ላኩት። ማርክም የምትሰጡት ሰነዱ ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ጻፈው፣ ለማን እንደ ጻፈውና ማንን እንደ ዘለለው ለመረመረ ይሁን። እኛም ተማሪዎች መገልበጥ ይብቃን። የአውሳን ሽማግሌ የሚያነጋግር ተማሪ ዛሬ ካልተነሣ፣ ነገ የሚቀረው ምስክር የአንቶኔሊ ወረቀት ብቻ ይሆናል።