እናት ወደ ከተማ ሲሄዱ እድሩስ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ «ልጆቼ አዲስ አበባ ሊወስዱኝ ነው፤ የዚህን የሮብ ገበያን እድር ልተወው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ደም ግፊትም አለባቸው። «እንዳይተዉት!» አልኳቸው። ምክንያቱን ለልጆችም ልንገር።

የሕይወት መድን ልግዛ ቢሉ ዕድሜና ሕመም ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ ለአዛውንት ያለ ምርመራ የሚሸጥ የቀብር መድን አለ፤ ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት በሕመም ቢሞት ግን ብዙውን ጊዜ የከፈለው ከትንሽ ጭማሪ ጋር ይመለሳል እንጂ ሙሉው አይሰጥም። የእኛ እድርም ሐኪም አያስመረምርም (ሰፈርተኛው ማን እንደታመመ ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል!)፤ ግን የራሱ መጠበቂያ አለው። ድንኳኑን፣ ድስቱንና ወንበሩን የገዙት ነባሮቹ ስለሆኑ ዘግይቶ የሚገባ መግቢያ ይከፍላል። እነ ስቴፈን ደርኮንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት እድሮች የጽሑፍ ደንብና የአባላት መዝገብ እንዳላቸው አሳይተዋል። አንዳንዱ እድር አዲስ አባል የተወሰኑ ወራት ካልቆየ አይከፍልም። በነርስነት ዘመኔ የታዘብኩት ግን ሰው ወደ እድር ዳኛ የሚሮጠው ሽማግሌው አልጋ ከያዙ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ እናታችሁ ዕቃቸውን ሳይጭኑ የራሳችሁን እድር ደንብ አንብቡ። ብዙ እድሮች ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁና ለወላጁ የሚከፍሉት የተለያየ ነው። የእናት ስም በቤተሰብ ቅጹ ላይ ተጽፏል? ቤታችሁ ሲኖሩና አገር ቤት ሲኖሩ ክፍያው አንድ ነው? ወንድምና እህት በአንድ እድር ውስጥ ካላችሁ ለሁለታችሁም ይከፈላል ወይስ ለአንዳችሁ? ይህን ጸሐፊውን ጠይቃችሁ እወቁ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የት እንደሚቀበሩ ነው። «ሟርት ነው» ብሎ ዝም የሚል ልጅ ብዙ ነው፤ እናቶች ግን ሲጠየቁ አይከፉም፣ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያኑን በስሙ ይነግሯችኋል። ትውልድ ቦታዬ ካሉ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ። የከተማው እድር ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል። መቃብሩን የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለውና ለቀስተኛውን የሚቀበለው ግን የሮብ ገበያ ሰው ነው። ወርሃዊው መዋጮ ሲቋረጥ ደግሞ ብዙ እድር ስም ይሰርዛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እዚህ ያለ አንድ ዘመድ በየወሩ ይክፈልላቸው፣ ቀብርም ሲኖር በእሳቸው ፈንታ ይቁም። ዕድሜያቸው ከጉልበት ሥራ ነጻ ካደረጋቸው ይህ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ዳኛው ሲቀየር ወሬ አይበቃም። ደረሰኞቹን ዘመድየው ይያዝ፤ ፎቶአቸው ግን በልጆቹ ስልክ ይቀመጥ።