ልጅቱ ኮምፒዩተር ስትል ምን ማለቷ ነው?

አንድ ገበሬ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ጠየቁን። «ልጄ ከተማ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታለች። ለቤት ኪራይዋ ሁለት በግ ሸጥኩ። ኮምፒዩተር ነው የምማረው ትላለች። ምኑን ነው የምትማረው?» አሉ።

አባባ፣ ደግ ጠየቁ። ኮምፒዩተር ብቻውን ዕቃ ነው። ሥራ የሚሠራው ትእዛዝ ሲጫንበት ነው። ይህ ትእዛዝ ሶፍትዌር ይባላል። አንዱ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ስሙ ወርድ ነው። ሌላው ሒሳብ ይሠራል፤ ስሙ ኤክሴል ነው።

ኤክሴል የተሰመረ ትልቅ መዝገብ ይመስላል። ሃምሳ ሰው ለማኅበር ጤፍ አስረከበ እንበል። ልጅቱ ኪሎውን ከየስሙ ፊት ትጽፋለች። እንዲደምር አንድ ጊዜ ታዝዘዋለች። የአንዱ ሰው ኪሎ ቢታረም ድምሩም ወዲያው ይታረማል። ነገር ግን 86 ኪሎውን 68 ብላ ብትጽፍ ኮምፒዩተሩ አያውቅባትም። ስሕተቱን ደምሮ ቁጭ! ገበሬውም 18 ኪሎ ጤፍ ቀረበት ማለት ነው።

በአማርኛም ይጻፍበታል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ቁልፎቹ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ሀ ሁ የለም። ስለዚህ «ቡ» ለመጻፍ መጀመሪያ የ«ብ»ን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የ«ኡ»ን ቁልፍ ትመታለች። ከሳድስ ወደ ካዕብ እንደ መሄድ ነው፤ ይህንን እናንተም በገበታችሁ ቆጥራችሁታል።

ትምህርቱ ሲያልቅ የብቃት ምዘና አለ። እጇ ያልፈታ ተማሪ እዚያ ትቸገራለች። እንግዲህ አባባ፣ ልጅዎ ለበዓል ስትመጣ «በሳምንት ስንት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጥሽ?» ብለው ይጠይቋት። «ደብተር ላይ ብቻ ነው የምንጽፈው» ካለችዎ ለገበያ ሲወጡ ኮሌጁ ጎራ ይበሉና አስተማሪዋን ያነጋግሩ።