ልጁን ያሰረው የሒሳብ መዝገቡ ነው

አንዳንድ ወዳጆቻችን «የባጀት አከፋፈል የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ የተማሪዎችን ማኅበር እዚያ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሳችን አጭር ነው። በካሊፎርኒያ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ባጠፋ ጊዜ የት እንደሚያድር የሚቆርጠው ዳኛው ብቻ አይደለም። ስቴቱና ካውንቲው (አገር ቤት ላለው አንባቢ፦ እንደ አውራጃ ያለ ነው፤ በካሊፎርኒያ 58 አሉ) ወጪውን የሚካፈሉበት ደንብ ከዳኛው ቀድሞ ፈርዶ ይጠብቀዋል። ደንቡ እስራትን ርካሽ፣ ምክርንና ትምህርትን ውድ ካደረገ ልጁ ወደ ርካሹ ይላካል። ይህ ስም ማጥፋት አይደለም፤ በመዝገብ የሚገኝ ሐቅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1961 ጀምሮ አንድ ካውንቲ ጥፋተኛ ልጅ ወደ ስቴቱ የጠባይ ማረሚያ ሲልክ የሚከፍለው በወር 25 ዶላር ብቻ ነበር። ልጁን እሰፈሩ አቆይቶ፣ አማካሪ ቀጥሮ፣ ትምህርቱን ተከታትሎ ማቃናት የፈለገ ካውንቲ ግን ከገዛ ኪሱ ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበር። ታዲያ የካውንቲው ሹም የትኛውን ይመርጣል? ሹሙ ክፉ ሰው መሆን የለበትም፤ መደመርና መቀነስ ማወቁ ብቻ ይበቃል።

ስቴቱ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በ1965 አንድ መልካም ሕግ አወጣ፤ ይኸውም ካውንቲው ወደ ማረሚያ ሳይልክ ስላስቀረው ስለ እያንዳንዱ ልጅ እስከ 4,000 ዶላር የሚከፈልበት ነበር። ወደ ማረሚያ የሚላኩት ቁጥር ወዲያው ቀነሰ። ነገር ግን ኑሮ እየተወደደ ሲሄድ ድጎማው ከነበረበት ፈቀቅ አላለም፤ ፖሊሶችም አጥብቀው ተቃወሙት፤ በ1978 በሌላ ተተካ። የ25 ዶላሩ ዋጋ ግን እስከ 1996 ማንም ሳይነካው ኖረ። በ35 ዓመት ውስጥ የዳቦ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደ ጨመረ አንባቢ ያስበው! በ1996 በስቴቱ ማረሚያዎች ውስጥ 10,000 ያህል ወጣቶች ታጉረው ነበር። ከዚያ ሒሳቡ ተለወጠ። ወርኃዊው ክፍያ 150 ዶላር ሆነ፤ ቀላል ጥፋት ያለበትን ልጅ የላከ ካውንቲ ደግሞ እንደ ጥፋቱ ቅለት የሙሉ ወጪውን 50፣ 75 ወይም 100 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ። የእስረኞቹም ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ያሽቆለቁል ጀመር። በዚያው ዘመን ወንጀልም ቀንሷልና ሁሉን ለዋጋው አንሰጥም። ነገር ግን ለምክር ጊዜ ያልተገኘ ብልሃት ሒሳቡ ሲመጣ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደ ተገኘ ዝም ብለን አናልፈውም።

የኦሃዮም ታሪክ ይኸው ነው። በ1992 ከ2,500 በላይ ወጣቶች በስቴቱ ማረሚያዎች ተጨናንቀው ነበር። በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ካውንቲ ድርሻው ተሰጠው፤ ወደ ስቴቱ ልጅ በላከ ቁጥር የአልጋው ዋጋ ከድርሻው ይቀነሳል፤ የተረፈው እዚያው በሰፈር ለልጆቹ አገልግሎት ይውላል። ከ20 ዓመት በኋላ የእስረኞቹ ቁጥር 500 ገደማ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ክርክር እንምጣ። ካሊፎርኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ የስቴቱን የወጣት ማረሚያዎች በሙሉ ጁን 30 ቀን 2023 ዘጋች። መዘጋታቸውን እንደግፋለን፤ ለዓመታት በድብደባና በብቸኛ እስራት የታወቁ ቤቶች ነበሩ። የምንቃወመው ገንዘቡ የተከፋፈለበትን መንገድ ነው። ስቴቱ ወደ ካውንቲዎቹ ስለሚመለሰው ስለ እያንዳንዱ ወጣት በዓመት 225,000 ዶላር መደበ። ከዚህ ገንዘብ 30 በመቶው የሚከፋፈለው ካውንቲው ቀድሞ ወደ ስቴቱ ማረሚያ ልኮት በነበረው ወጣት ብዛት ነው። 50 በመቶው በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ በተባሉት ብዛት ነው። በካውንቲው ውስጥ ባሉት ከ10 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጆች ቁጥር የሚታደለው 20 በመቶው ብቻ ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? ትናንት አብዝቶ ያሰረ ዛሬ አብዝቶ ይቀበላል። ልጆቹን በሰፈራቸው ለማቃናት የደከመው ካውንቲ ስለ ድካሙ ይቀጣል። ገንዘቡም እጁ ከገባ በኋላ ካውንቲው ስንቱን ለግንብና ለቁልፍ፣ ስንቱን ለአስተማሪና ለሐኪም ማዋል እንዳለበት የሚወስን ልክ የለም!

«ካውንቲው ሕዝቡን ያውቃል፤ ለእሱ እንተወው» የሚሉ አሉ። ማወቁንስ ያውቃል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ግን የወጣቶች ማቆያ ቤቶቹን የስቴቱ ተቆጣጣሪ ቦርድ በ2023 ለልጅ ማደሪያ አይበቁም አላቸው። ልጆቹ ወደ ሎስ ፓድሪኖስ ተዛወሩ፤ ያም ቤት በ2024 እንደዚያው ተባለ። በማርች 2025 ደግሞ 30 የአመክሮ መኮንኖች ልጆችን እርስ በርስ አደባድበዋል ወይም ሲደባደቡ ዝም ብለው አይተዋል ተብለው ተከሰሱ። ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተዋለን። ነገር ግን ሕዝቡን ማወቅ ብቻውን ይህን አላስቀረም።

ሁሉንም ስቴቱ ይክፈል የሚሉትንም አንከተልም። በ25 ዶላሩ ዘመን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ልኮ መርሳት። የምንፈልገው ሁለቱም የሚከፍሉበትን፣ ሚዛኑ ግን ወደ ልጁ ቤት የሚያዘነብልበትን ደንብ ነው። ከእኛ የራቀ ሕልምም አይደለም። ሚሺጋን ለብዙ ዓመታት ወጪውን ከካውንቲዎቿ ጋር እኩል በእኩል ስትካፈል ኖራ በ2023 ባወጣችው ሕግ ልጁ በሰፈሩ ለሚያገኘው አገልግሎት የስቴቱን ድርሻ 75 በመቶ አደረገችው፤ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ በተቋም ሲቀመጥ ግን 50 በመቶው እንዳለ ቀረ። አሁን የካውንቲው ሹም ሲደምርና ሲቀንስ ቁጥሩ ራሱ ልጁን ወደ እናቱ ይመራዋል። ካሊፎርኒያ ይህን ለማድረግ የሚያግዳት ምንድን ነው?

ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል የማኅበራችን አባል ካለ አንድ ነገር እናስታውሰው። በካሊፎርኒያ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ሦስተኛ ከፋይ ነበረ፤ ይኸውም ወላጅ ነው። ልጁ በታሰረበት ቀን ልክ፣ ለጠበቃው፣ እግሩ ላይ ለታሰረው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳይቀር ካውንቲዎች ለአባትና ለእናት ደረሰኝ ይልኩ ነበር። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አባት፣ የሰው ቤት የምታጸዳ እናት ልጃቸው ስለታሰረበት አልጋ ኪራይ ይጠየቁ ነበር ማለት ነው። ከጃኑዋሪ 2018 ጀምሮ በሕግ ቀርቷል። የቀረውም ሹሞች ስለራሩ አይደለም፤ የሕግ ተማሪዎችና ወላጆች ቁጥሩን ይዘው ስለጮኹ ነው።

ዛሬም በር አለ። በ2020ው ሕግ መሠረት ገንዘቡን የሚቀበል ካውንቲ ሁሉ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አለው፤ በኮሚቴውም ውስጥ ከሕዝብ የተውጣጡ ቢያንስ ሦስት ሰዎች መቀመጥ አለባቸው። በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በሳን ሆሴና በሳን ዲየጎ ያላችሁ አባሎች የየካውንቲያችሁን የአመክሮ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፦ ሦስቱ እነማን ናቸው? ወንበሩ ባዶ ከሆነ እጃችሁን አውጡ። ዕቅዱንም አስመጡና ከየመቶው ዶላር ስንቱ ለጠባቂና ለግንብ፣ ስንቱ ልጁ ቤቱ ሆኖ ለሚማርበት እንደ ተመደበ ቆጥራችሁ ለዚህ ጋዜጣ ላኩልን። የየካውንቲውን ቁጥር ጎን ለጎን እናትመዋለን።