በሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ ቃል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅ ከተማና በውጫሌ በኩል ያልፋል። ብዙው መንገደኛ ሐይቅን በውሃው፣ አምባሰልን በዘፈን ቅኝቱ ያውቃል እንጂ ምድሩ የተሸከመውን ታሪክ ሳያውቅ ያልፋል። ይህም በገዛ አገር እንግዳ መሆን ነው። ስለዚህ ታሪክ በተሠራበት ስፍራ ሁሉ የመታሰቢያ ሰሌዳ መቆሙ ተገቢ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ከሰሌዳው መቆም ይልቅ የሚያሳስበን በላዩ የሚጻፈው ቃል ነው።

ለዚህ ነገር ከውጫሌ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በዐማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በዐማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም ይህንኑ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለመንግሥታት አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተቈረጠ።

እንግዲህ በውጫሌ የሚቆም ሰሌዳ «እዚህ ውል ተፈረመ» ብሎ ቢያበቃ የነገሩን እኩሌታ እንኳ አልተናገረም። የአንቀጹን ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ቢያሳይ ግን ተማሪው ቆሞ ያነባል፤ የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያስከትልም ያስተውላል። ሰሌዳው ራሱ በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ነገር መናገራቸው አስቀድሞ ይመርመር። በውጫሌ ምድር ይህን መሳት ያሳፍራልና።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ ገዳም አበምኔት ነበሩ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዟል። ይህ በብራና የተመሰከረ ነው። የገዳሙ አመሠራረት በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ፣ ይኵኖ አምላክም ዙፋን የያዙት በኢየሱስ ሞዓ ረድኤት እንደ ሆነ ግን በትውፊት ይነገራል። ሁለቱም ክብር አላቸው። ነገር ግን በብራና የተገኘው «ተጽፏል»፣ ከአባቶች የተሰማው «ይነገራል» ተብሎ ይለይ። እንዲህ ቢደረግ ትውፊቱ አይዋረድም፤ አንባቢው ግን የሚያነበውን ያምናል።

ስለዚህ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለሰሌዳ ሥራ ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ፣ ብረቱንና ቀለሙን ከመምረጡ በፊት ጽሑፉን ለገዳሙ አባቶች፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለታሪክ መምህራን ያሳይ። ተማሪም ስሕተት ያየ እንደ ሆነ ዝም አይበል። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በማግሥቱ ይታረማል፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ግን የልጅ ልጅ ያስታል።