ኮሌስትሮል፣ መገንጠያና የኮምፒውተር ስሌት

በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም አንድ ነው፤ በውስጡ የሚገኘው የኮሌስትሮል መጠንም ከአንዱ ደም ቅዳ ወደ ሌላው ይህን ያህል አይለያይም። ይሁን እንጂ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ቅዳዎች በየትም ቦታ እኩል አይጠቡም። ሕመሙ የሚመርጣቸው ሥፍራዎች አሉት፤ እነዚህም ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት መገንጠያ፣ በተለይም ከመገንጠያው ጫፍ ትይዩ ያለው የውጭ ግድግዳ፣ እንዲሁም የጠመዝማዛው የውስጥ ጎን ናቸው። «ቅባት አታብዙ» የሚለው ምክር ተገቢ ቢሆንም ለዚህ ምርጫ ምክንያት አይሰጥም። ምክንያቱን መፈለግ የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎችም ሥራ ነው እንላለን።

የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪ ኮሊን ካሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሕመሙ የሚጀምረው ደም ግድግዳውን አጥብቆ በሚፈትግበት ሳይሆን በዝግታ ታኮት በሚያልፍበት ሥፍራ ነው። በዚያን ዘመን ተቃራኒውን የሚያምኑም ነበሩ፤ ኋላ ግን ሚዛኑ ወደ እነካሮ አጋደለ። ዛሬ የሰበቃው ጫና ከ0.4 ፓስካል በታች የሚወርድባቸው ቦታዎች ለሕመሙ የተጋለጡ፣ ከ1.5 ፓስካል በላይ የሆኑት ደግሞ በአብዛኛው የተጠበቁ ተደርገው ይወሰዳሉ።

ኮሌስትሮልን ተሸክሞ የሚዞረው ኤል.ዲ.ኤል. የተባለው ቅንጣት ስፋቱ 22 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከደሙ ጥቂት ውሃ ዘወትር በግድግዳው በኩል ይሰርጋል፤ ቅንጣቱ ግን ከውሃው ጋር በቀላሉ አያልፍም። ጉሽ ጠላ ሲጠለል አተላው ከማጥለያው ላይ እንደሚቀር ሁሉ፣ ኤል.ዲ.ኤል.ም ከግድግዳው አጠገብ ይከማቻል። ፈጣን ጅረት ይህን ክምችት ጠራርጎ ይወስደዋል። ከጠበበው ክፍል ቀጥሎ ግን ጅረቱ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ ኋላ ስለሚዞር ክምችቱ ይሰነብታል።

ይህን በኮምፒውተር ለማስላት የናቪየና የስቶክስ እኩልታዎች ከቅንጣቱ የስርጭት እኩልታ ጋር ይፈታሉ። አስቸጋሪው ነገር ቅንጣቱ በራሱ እንቅስቃሴ የሚሰራጨው እጅግ በዝግታ መሆኑ ነው፤ በዚህም የተነሳ ክምችቱ ጥቂት ሚሊሜትር በሚሰፋ ቧንቧ ውስጥ ከግድግዳው በተጠጋ እጅግ ስስ ንጣፍ ይወሰናል። ቧንቧው የተከፋፈለበት የስሌት መረብ በዚያ ሥፍራ ዓይኖቹ ካልጠበቡ ኮምፒውተሩ ያማረ ባለቀለም ሥዕል ከመስጠት አይቆጠብም፤ ሥዕሉ ግን ሐሰት ይሆናል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ግድግዳውን የሚሸፍኑት ሕዋሳት ሕይወት ያላቸው ናቸው። ሰበቃው በቂ ሲሆን በፍሰቱ አቅጣጫ ረዝመው ይሰለፋሉ፤ ሲያንስ ወይም አቅጣጫው ሲለዋወጥ ግን ሰልፋቸው ይዛባል፣ ቅንጣቱንም አብልጠው ያሳልፋሉ። ይህን የማሳለፍ አቅም ቋሚ ቁጥር አድርጎ የሚገምት ስሌትና ከሰበቃው ጋር የሚለዋወጥ አድርጎ የሚገምት ስሌት የሚያደርሱት ወደ ተለያየ ውጤት ነው። ሥዕሉ ላይ የቀላው ቦታ ሁሉ የታመመ ነው ማለት ስለዚህ ከስሌቱ አቅም በላይ መናገር ይመስለናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሲቲ ስካን ምስል ተነስቶ በልብ ደም ቅዳ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት የሚያሰላ የኮምፒውተር ዘዴ ለሕክምና እንዲውል ፈቅዷል። ይህ ስሌት የታመነው ሐኪሞች ቀጭን ሽቦ ወደ ደም ቅዳው አስገብተው ከለኩት ግፊት ጋር ስለተነጻጸረ ነው። በሕያው ሰው ልብ ውስጥ ያንን ስስ የኮሌስትሮል ንጣፍ የሚለካ ሽቦ ግን የለም። እንግዲህ የተሰላውን ግፊት ከተሰላው ኮሌስትሮል አብልጠን ብናምን አይፈረድብንም።

ይህ ማለት ሥራው ይቅር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ኦፕንፎምን የመሰለ የስሌት ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ማንኛውም ትጉ ተማሪ ሊሞክረው ይችላል። ጀማሪው ግን ከመገንጠያው አይነሳ። በቅድሚያ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይውሰድ፤ ራዲየሱንም በግማሽ ይቀንስ። ፑዋዜይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደደረሰበት፣ የፍሰቱ ተቃውሞ 16 እጥፍ ማደግ አለበት። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር ካላወጣ፣ ስለ ኮሌስትሮሉ የሚነግረንን ገና አንሰማውም።