የወጣቶች የመገጣጠሚያ ሕመም ስንፍና አይደለም



ወጣቱ ለሱብሒ ተነስቶ የቧንቧውን መክፈቻ ማዞር ሲያቅተው፣ ሙሽራዋ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ሊጥ ማቡካት ሲሳናት ቤተሰብ መጀመሪያ «ብርድ ነው» ይላል፤ ሲደጋገም ግን «ሰነፈች» የሚለው ይከተላል። ቁርጥማት የሽማግሌ ነው ተብሎ ስለሚታመን የ22 ዓመት ልጅ ታምሜአለሁ ብትል የሚሰማት የለም።

በሕክምና ሩማቶይድ አርትራይትስ የሚባለው ሕመም ወጣትም ይይዛል፤ ሴቶችን ከወንዶች 2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። መንስኤው ብርድ ሳይሆን ከተሕዋስያን ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን መልሶ ማጥቃቱ ነው። የጣቶችና የእጅ አንጓ እብጠት፣ ብዙ ጊዜ በግራም በቀኝም፣ እንዲሁም ጧት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር ዋና ምልክቶቹ ናቸው። (ልጆችን ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ይዞ ልብ የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሌላ በሽታ ነው፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙዎች ያምታቱታል።)

እብጠቱ ሳምንታት ከቆየ መዘግየት አይገባም፤ የተበላ አጥንት አይመለስምና። የልደታ ማርያም አካባቢ ነዋሪ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ቢጻፍለት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርቡ ነው። ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥ ግን ሕመሙን ቢያስታግስም ውሎ አድሮ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርም ያመጣል።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት በሳምንት 1 ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ በስሕተት በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ጁሙዓ ማድረግ ለማስታወስ ይረዳል። ጽንስንም ስለሚጎዳ ኒካሕ የተቃረበላት ወይም ባለትዳር እህት ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ ለእርጉዝ የሚስማሙ እንደ ሰልፋሳላዚን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። «አትወልድም» እያሉ እጮኛዋን ማስፈራራት መሠረት የሌለው ወሬ ነው።

ዒባዳን በሚመለከት አላህ (ሱ.ወ.) የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዷል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ታሞ ለጠየቃቸው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) መቆም ካልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ነግረውታል። ወጣት ወንበር ላይ ሲሰግድ አይተው የሚገላምጡ ሰዎች ይህን ሐዲስ አልሰሙት ይሆን?

በቤት ውስጥ ደግሞ የዉዱእ ውኃ ለብ ይደረግላት። ውኃ በጠፋ ቀን በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ጄሪካኑን ወንድሟ ወይም ባሏ ይሸከም፤ እርሷ ረፋድ ላይ እጇ ሲፈታ የምትችለውን ትሠራለች።