ከቀብር በኋላ የሚቀረው ቤት

በአገራችን ሰው ሲሞት ቀባሪ አያጣም። ጡሩምባ ይነፋል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሟቹም በወግ በማዕርግ ይሸኛል። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ የሚነሣው ነው። ይኸውም ብቻውን ኖሮ ብቻውን የሞተ፣ ሬሳውም ከቀናት በኋላ የተገኘ ሰው ቤቱን ማን ያጸዳዋል? ከዕቃውስ የትኛው ይድናል፣ የትኛው ይወገዳል? የሚለው ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ብቸኛ ሞት «ኮዶኩሺ» ብለው ይጠሩታል። የአገሪቱ ፖሊስ እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች መካከል 76,020ዎቹ በቤታቸው ሞተው ተገኝተዋል። ከእነዚህም 58,044ቱ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በዚያ አገር ቤቱን የሚያጸዱ፣ ዕቃውንም የሚለዩ ድርጅቶች በክፍያ ይሠራሉ። በእኛ አገር ግን ሥራው በአከራዩና በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

አርባ ምንጭን ለምሳሌ እንውሰድ። የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ከብርዳማው ጨንቻ ወደ ጫሞና ዓባያ ሐይቆች አካባቢ ወረደ። በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚህ የተነሣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ፣ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ በሲቀላና በሴቻ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እድር የሰፈርና የቤተሰብ ማኅበር ስለሆነ፣ ነገ ሊዛወር የሚችል ብቸኛ ተከራይ ብዙውን ጊዜ አይገባበትም።

እስቲ እናስብ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ዓርብ ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፎ እንደ ተኛ ሳይነሣ ይቀራል። ሰኞ ከቢሮ ሲጠፋ «አሞት ይሆናል» ይባላል። ማክሰኞ ሽታው ጎረቤቱን ያስደነግጣል፤ የጫሞ ዳር ሙቀት እንደ ጨንቻ ብርድ ጊዜ አይሰጥምና። ፖሊስ መጥቶ ሬሳው ከተነሣ በኋላ አከራዪቱ ትርበተበታለች። ጎረቤቶቿም ሊረዷት ብለው ፍራሹን፣ ልብሱን፣ ሻንጣውንና መጻሕፍቱን አንድ ላይ አውጥተው ያቃጥላሉ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ከሩቅ አገር ትደርሳለች። ስለ ቴሌቪዥኑ አትጠይቅም፤ የልጇን ፎቶግራፍ ትጠይቃለች። ፎቶግራፉ፣ የትምህርት ማስረጃውና የባንክ ደብተሩ ግን ከሻንጣው ጋር አመድ ሆነዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ጉዳቱ ግን ደርሷል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሲሞት ውርሱ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ እንደሚከፈት ይደነግጋል፤ የሟቹን ሀብትና ዕዳ የሚያጣራ የውርስ አጣሪም እንዲኖር ያደርጋል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ዳሩ ግን አጣሪው ሊያጣራ የሚችለው የተረፈውን ብቻ ነው፤ አመድ አይጣራም።

ከመጠን ያለፈ ፍርሃት ዕቃውን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ ከመጠን ያለፈ ድፍረትም ሰውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በጠቅላላው ሬሳ ወረርሽኝ አያስነሣም፤ ሟቹን የገደለው እንደ ኮሌራ፣ እንደ ኢቦላ ወይም እንደ ማርበርግ ያለ በሽታ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በይፋ ከተነገረ ወዲህ ይህ ለደቡብ ኢትዮጵያ ሰው የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በሽታው በሟቹ የሰውነት ፈሳሽ በተበከለ አንሶላና ልብስ ጭምር ይተላለፋል። ስለዚህ የአሟሟቱ ምክንያት ሳይታወቅ ቤቱ አይነካ፤ ፖሊስና የጤና ባለሙያ ይቅደሙ።

ከተፈቀደ በኋላ ሥራው ተራ አለው። በርና መስኮት ይከፈታል፤ የሚያጸዳውም ሰው ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማም ያደርጋል። ዕቃው በምስክሮች ፊት አንድ በአንድ ይጻፋል። ፈሳሽ የጠጣ ፍራሽና ትራስ አይድንም፤ የስፖንጅ ጢስ መርዛም ስለሆነ ግን በግቢ ውስጥ አይቃጠል፤ በጤና ጽሕፈት ቤቱ ምክር ይወገድ። ብረት፣ ብርጭቆና ፕላስቲክ በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ይጸዳል። አምስት በመቶ ኃይል ያለው በረኪና ከሆነ አንዱ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይበታል። በረኪና ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ የሚመርዝ ጋዝ ያወጣልና መጠንቀቅ ነው። ፈሳሽ ያልነካው ጋቢና የጥጥ ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ወረቀትና ፎቶግራፍ ግን በረኪና አይንካቸው፤ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይዘርጉ።

ለዚህ የሚሆን ሥርዐት ከውጭ አገር መበደር አያሻንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ የሌላውን ሰው ንብረት ለማጥፋት በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አስቁመዋቸዋል። የሕያዋንን ንብረት በሣር ያስከበሩ ሽማግሌዎች የአንድ ብቸኛ ሟች ሻንጣ በፊታቸው ተከፍቶ እንዲጻፍ ለማድረግ አይሳናቸውም።

የአከራዩንም ችግር መዘንጋት አይገባም። ክፍሉ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቀርበታል፤ የማጽጃውም ወጪ ቀላል አይደለም። በሕጉ መሠረት ከውርሱ ሀብት አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው። በእኛ አስተያየት ቤቱን ማጽዳትና ዕቃውን ማዳንም የቀብሩ ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል። እንዲህ ከሆነ አከራዩ በችኮላ ወደ ክብሪት አይሮጥም፤ ወራሹም ባዶ እጁን አይመለስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። እድሮች ብቸኛውን ተከራይ እንደ አቅሙ በሚያዋጣው ገንዘብ ይቀበሉት፤ ቤት የማንሣቱንም ሥራ በመተዳደሪያ ደንባቸው ያግቡት። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የእያንዳንዱን ሰው የቅርብ ዘመድ አድራሻ ይያዙ፤ ያለ ምክንያት የቀረም ሠራተኛ በዚያው ቀን ይጠየቅ። የሟቹ በር ፖሊስ፣ የቀበሌ ሰውና ሽማግሌ ሳይገኙ አይከፈት።

ለእኛ ለወጣቶቹም ድርሻ አለን። ብዙዎቻችን እድርን የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ ብቻችንን የምንኖረው ግን እኛ ነን። ወደ አዲስ ከተማ ተዛውረን ቤት ስንከራይ በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሩን የእድር ዳኛ ፈልገን ስማችንን እናስጽፍ፤ የእናታችንንም አድራሻ ለአከራያችን እንስጥ።